ከአሰብ ወደብ እስከ ፓርኪንግ ሎቱ መርዶ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ባለቤቴ ጸሐይ አንድ ሕግ አወጣች። ከእንግዲህ ሰው ቤት ተጠርቼ ስሄድ የባለቤቱን ፍሪጅ መክፈት፣ የእቃ ማጠቢያውን ሥር አጎንብሶ ማየት፣ ሥጋው ከመቼ ጀምሮ ውጭ እንደዋለ መጠየቅ ክልክል ነው። «እስከ ዛሬ ሥራው ሆኖበት ነው እያልኩ ይቅርታ ስጠይቅልህ ኖርኩ፤ አሁን ምን ልበል?» አለችኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ጓዳ ሳይ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ በቀይ ባሕር ዳር በአሰብ፣ ኋላ እዚህ ኦሃዮ ውስጥ በኮሎምበስ።

«ሥራህ ምንድን ነው?» ላለኝ ሰው መልስ ሰጥቼ ረክቼ አላውቅም። በትምህርቱ ሳኒታሪያን እንባላለን። እናቴ በሰፈሩ «ልጄ ሐኪም ሆነልኝ» ብላ አስወርታ ነበር፤ ኋላ የማክመው መጸዳጃ ቤት፣ የውኃ በርሜልና የሥጋ ቤት ወለል መሆኑን ስትሰማ ወሬውን በራሷ ጊዜ አቀዘቀዘችው። እኔ ግን ሥራዬን እወደው ነበር። በእኛ ሙያ ሥራህ የተሳካ ዕለት የሚታመም ሰው ስለሌለ ማንም መጥቶ አያመሰግንህም፤ ይልቅ «ይሄ ሰውዬ ምን ይነዘንዘናል?» ነው የምትባለው። እኔ ንዝንዙንም ወድጄው ነው የኖርኩት፤ ጸሐይ ምስክር ናት።

ትምህርታችንን ስንጨርስ የምንመደብበት ቦታ በዕጣ ነበር የሚወጣው። ለእኔ አሰብ ወጣችልኝ። ጓደኞቼ ሙቀቷን ሰምተው ስለነበር ከት ብለው ሳቁብኝ፤ አንዱማ «አንተ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ብርድ ልብሴን ወሰደብኝ። አሰብ ደርሼ ከመኪናው ስወርድ አየሩ ፊቴን እንደ ምድጃ አፍ ሲመታኝ፣ ልጁ ብርድ ልብሱን በመውሰዱ እንዳልበደለኝ ገባኝ።

አሰብ ጣልያን በአካባቢያችን ቅኝ ገዥነቱን የጀመረባት ወደብ ናት። እኔ ስደርስ ጣልያን ከሄደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የከተማዋ የንጽሕና ሥራ ግን ገና በእሱ ካርታ ነበር የሚመራው። ካርታው ቢሯችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ነጮቹ የኖሩበት ሰፈር የውኃ ቧንቧውና የፍሳሽ መስመሩ በሰማያዊና በቡኒ ቀለም ተሥሎለታል። የአገሬው ሰው ሰፈር ላይ ስሙ ብቻ ተጽፏል። የጥገና በጀት ሲመጣ መስመር ያለበት ይጠገናል፤ መስመር የሌለበት ምኑ ይጠገናል? በዚህ ዓይነት ባለቤቶቹ የለቀቁት ሰፈር በየጊዜው ሲታደስ፣ ሕዝቡ የሞላበት ሰፈር በበርሜል ውኃ ይኖር ነበር።

አለቃዬ አቶ ገብረመስቀል ይባሉ ነበር። በልጅነታቸው ከጣልያን ሐኪም ሥር፣ በጎልማሳነታቸው ከእንግሊዞች ሥር፣ በኋላ ደግሞ በእኛ መንግሥት የሠሩ የወደቡ ንጽሕና ኃላፊ ናቸው። ሦስት መንግሥት አገልግለዋል፤ የሦስቱንም ስድብ ያውቃሉ። ሸሚዛቸው በዚያ ሙቀት እንኳ ነጭ ነው። እኔን ዲፕሎማዬን ይዤ ስመጣ ከላይ እስከ ታች አይተው በጣልያንኛ «ዶቶሬ»፣ ዶክተር አሉኝ፤ እስከ መጨረሻው በዚሁ ስም ነው የጠሩኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አከበሩኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሥራውን የተማርኩት ከእሳቸው ኋላ ኋላ እየሄድኩ ነው። ከውጭ የመጣ መርከብ ከባሕሩ ላይ ቢጫ ባንዲራ ሰቅሎ ይቆማል፤ እኛ ገብተን ጤናማ ነው እስክንል ሰውም ዕቃም አይወርድም። በጀልባ ተጠግተን በገመድ መሰላል እንወጣለን። ካፒቴኑ ኮፍያውን አስተካክሎ ሲጠብቅ አቶ ገብረመስቀል በትሕትና እጅ ይነሡና በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ይወርዳሉ። የምግብ አብሳዩን እጅ ከጨበጡ አይለቁም፤ ስለ ቤተሰቡ እየጠየቁት ጥፍሩን ያያሉ። ቀጥለው የዱቄቱ ጆንያ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ አጎንብሰው እንጨቱን በጣታቸው ይዳስሳሉ። አይጥ መንገዷን ስለማትለውጥ ገላዋ የሚነካው እንጨት ወዝ ይይዛል። ወዙ እርጥብ ከሆነ አይጧ አለች፤ ደርቆ አቧራ ከያዘ ሄዳለች። መርከቡ በሚታሰርበት ገመድ ላይም ክብ ቆርቆሮ ያስገባሉ፤ አይጧ በገመዱ ተራምዳ ወደ ከተማው እንዳትወርድ። ከካፒቴኑ ጋር ሻይ የሚጠጡት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ከተማው ውስጥ ጠላታችን በርሜል ነበር። ውኃ በቦቴ ስለሚመጣ ሰው በበርሜል ያጠራቅማል፤ በርሜሉ ውስጥ የትንኝ ዕጭ ይፈላል። አቶ ገብረመስቀል ከደረት ኪሳቸው ትንሽ የመላጫ መስታወት አውጥተው የፀሐዩን ብርሃን ወደ በርሜሉ ውስጥ ይመልሱታል። ዕጮቹ ብርሃኑ ሲነካቸው እየተገለባበጡ ወደ ታች ይሸሻሉ። ይህን ጊዜ መስታወቱን ለቤቱ እመቤት ይሰጧታል። ሴትዮዋ ራሷ አብርታ ራሷ ታይና «ኡ!» ብላ በርሜሉን ራሷ ትደፋዋለች። እኔ እንደተማርኩት ስለ ወባ ብዙ ባወራ ኖሮ ሴትዮዋ አዎን፣ አዎን እያለች በርሜሉን ስሄድ እንዳለ ትተወው ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አንድ ነገር ሊከለክሉ ከሄዱ ቆመው አይናገሩም፤ መጀመሪያ የሚቀመጡበት ይፈልጋሉ፤ ከጠፋ ድንጋይ ላይም ይቀመጣሉ። ደግሞ ምትኩን ሳይዙ አይከለክሉም። ጉድጓድ የሚያሽጉ ከሆነ የውኃ ቦቴው ቀድሞ እዚያው ደርሶ ይጠብቃል። «ሰውን ውኃ ከልክለህ ቢሮህ ስትገባ እሱ ምን የሚጠጣ ይመስልሃል፣ ዶቶሬ?» ይሉኛል።

እንዲህ ያሉት ሰው አንድ ጊዜ ምትክ ሳይዙ ከለከሉ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

ካምቦ ሱዳን በሚባለው ሰፈር ተቅማጥና ትውከት ገባ። ጧት ደህና የነበረ ሰው ማታ ላይ ዓይኑ ጎድጉዶ ታገኘዋለህ። በመሥሪያ ቤታችን ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ የቆየ ደንብ ነበር፤ በእንዲህ ያለ በሽታ የሞተን ሰው የጽዳት ቡድኑ ይወስደዋል፣ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበራል፣ ዘመድ አይጠጋም። ደንቡ ከሕክምናው አንጻር ስሕተት አልነበረበትም። አሊ የሚባል የወደብ ወዛደር ሞተና እንደ ደንቡ አደረግን። ሚስቱ ከመኪናችን ኋላ ስትሮጥ፣ ጫማዋ ከእግሯ ሲወልቅ፣ ባዶ እግሯን በዚያ በሚያቃጥል አሸዋ ላይ ስትከተለን አየሁ። ነጂው አልቆመም፤ እኛም ቁም አላልነውም።

በማግሥቱ ከሰፈሩ አንድም የታመመ ሰው አልተነገረንም። ከዚያ ወዲያም ዝም አሉ። እኔ በሽታው ቆመ ብዬ ደስ አለኝ። አቶ ገብረመስቀል ግን ነገሩ ከነከናቸውና ምሳቸውን ትተው ተነሡ። ቤት ለቤት ዞርን። አንዱ ጓዳ ውስጥ በሰሌን የተሸፈኑ ሁለት ሴቶች አገኘን፤ ትንፋሻቸው ገና አለ። ከዚያ አንድ ጓሮ ገባን፤ አፈሩ ትኩስ ነበር። ሬሳችሁን እንወስዳለን ስላልናቸው ሕመምተኞቻቸውን ደበቁ፤ የሞተባቸውንም በወጉ አጥበው፣ ገንዘው፣ ጸልየው በጓሮ ቀበሩ። የቀበሩት ሰፈሩ ከሚጠጣበት ጉድጓድ አጠገብ ነው። ብዙ ሰው አለቀብን። አቶ ገብረመስቀል ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ እኔም ከጎናቸው ቆሜ አለቀስኩ።

በማግሥቱ አቶ ገብረመስቀል ያንን ደንብ ለወጡት። ወፍራም የመርከብ ገመድ አስጭነው ወደ መቃብሩ ወሰዱና መሬት ላይ ዘረጉት። ዘመድ ከገመዱ ወዲህ ይቆማል፤ ሼኹ ይጸልያሉ፤ የሟቹ ፊት ይገለጥና ያዩታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ኖራው። ለቤተሰቡ ቤታቸው ሄደው መርዶውን የሚነግሩት ደግሞ አቶ ገብረመስቀል ራሳቸው ናቸው። ሰዎቹ ወዲያው አላመኑንም። ሲያምኑን ግን የታመመባቸውን ተሸክመው ወደ እኛ ያመጡ ጀመር።

የኤርትራው ጦርነት ሲያበቃ አሰብን ለቅቄ በጅቡቲ በኩል ወጣሁ። አቶ ገብረመስቀል ከተማቸው ናትና እዚያው ቀሩ። ከዓመታት በኋላ ቤታቸው አልጋቸው ላይ፣ በልጆቻቸው መካከል ማረፋቸውን ሰማሁ።

ከኮሎምበስ ጋር የተዋወቅሁት በወጥ ቤት በኩል ነው፤ አፐር አርሊንግተን አንድ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን አጣቢ ነበርኩ። ቀን አጥቤ ማታ እማር ነበር። ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ በከተማው የጤና ቢሮ የምግብ ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ጸሐይን አላስደነቃትም፤ መታወቂያው ግን አንገቴ ላይ ሲንጠለጠል ደስ አላት። አለቃዬ ሊንዳ የምትባል ረጅም፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። የሐበሻ ምግብ ቤቶችን ሁሉ ለእኔ ሰጠችኝና ጉድ ፈላ። «ጋሽ ታምራት መጣ!» ሲባል ጨርቅ ያልያዘ አስተናጋጅ አይገኝም። ዋይትሆል ያለ አንድ ባለ ምግብ ቤት ስለ ክትፎ ስናገር ቢላውን አስቀምጦ «ጋሼ፣ እንግዲህ ኩክ ከተደረገ በኋላ ክትፎ ነው የሚባለው ወይስ ሌላ ስም ልታወጣለት ነው?» አለኝ። ተቀመጥኩ። ሥጋው ከፍሪጅ ወጥቶ እስኪቀርብ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደሚያሳጥር፣ መክተፊያውን ለብቻ እንዴት እንደሚይዝ፣ ቅቤውን መቼ እንደሚያግል ስናወራ ዋልን። ክትፎው ክትፎ ሆኖ ቀረ። ምርመራውን ላለፈ በሩ ላይ የሚለጠፈውንም አረንጓዴ ምልክት አላጣም።

እንዲህ ስል ዕድሜዬ ሄደ፤ ጡረታዬንም ማሰብ ጀመርኩ። በዚህ መሀል የ2020ው የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። ሊንዳ ጠርታ «አማርኛ የሚናገር ሌላ ሰው የለኝም፤ አሁን አትሂድብኝ» አለችኝ። ቀረሁ። ምግብ ቤቶቹ ሲዘጉ እኔ ስልክ ላይ ተጣድኩ። የታመመውን ራስህን ለይ እላለሁ፤ ከእሱ ጋር የነበረውን ከቤት አትውጣ እላለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ለቅሶውን ማስቆም ነበር። የእኛ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ እንዴት እንደሚተቃቀፍ፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚያነባ እናውቃለን። የዕድሩን ሰብሳቢ አቶ ክንፈን አግኝቼ፣ ወረርሽኙ እስኪያልፍ ለቅሶ ቤት መሰብሰብ ይቅር፣ መርዶም ለመንገር ተሰብስባችሁ ሰው ቤት አትግቡ አልኩ። ክንፈ የትራክ ነጂ የነበረ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። ፊቱን አጠቆረ፤ ግን እሺ አለ። እሺታው እንዲህ በቀላሉ በመገኘቱ ኮራሁ።

አንድ ጧት ክንፈ ራሱ ደወለልኝ።

«ጋሽ ታምራት፣ እንዳልከን አድርገናል።»

«ምኑን?»

«ታደለ አርፏል፤ ቀናት ሆኑት። ነፍሱን ይማረው። ሆስፒታሉ ኮል ያደረገው ለእኔ ነው፤ ኢመርጀንሲ ኮንታክቱ እኔ ነኝ።»

ክው አልኩ። ታደለን በደንብ አውቀዋለሁ። ዋይትሆል ብቻውን የሚኖር፣ ኤርፖርት ላይ ታክሲ የሚሠራ፣ በሳቁ የሚታወቅ ሰው ነበር። ያሳደጉት ታላቅ እኅቱ እትዬ ሙሉ ናቸው፤ እሳቸው ብሌንደን ታውንሺፕ ከልጃቸው ከሣራ ጋር ይኖራሉ። ደም ብዛት አለባቸው።

«እትዬ ሙሉስ እንዴት ሆኑ?» አልኩት።

«አልነገርናቸውም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ተሰብስባችሁ አትሂዱ ደግሞ ብለኸናል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ኦፕን እስኪደረግ አቆይተነዋል። ቀብሩን ዓርብ ጥቂት ሰዎች ሆነን እንጨርሰዋለን።»

«እና እሳቸው ታደለ የት ያለ ይመስላቸዋል?»

«ሆስፒታል። ስልኩን ወስደውበታል ብለናል፤ ሣራ ብቻ ናት የምታውቀው። በየጧቱ አጥሚት ይሠሩለታል።»

«ለማን?»

«ለታደለ ነዋ። በፔርሙዝ አድርገው በር ላይ ያስቀምጡታል፤ እኔ ሆስፒታል አደርሳለሁ ብዬ እወስዳለሁ።»

«የት ነው የምትወስደው?»

«መድፋት እንቢ አለኝ፣ ጋሽ ታምራት» አለ። «መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠጣዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ጸሐይ ምን ሆንክ አለችኝ፤ ነገርኳት። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ የአሊ ሚስት ዓይኔ ላይ መጣች። አሰብ ላይ ሕመምተኛቸውን ከእኛ ደብቀው ነበር፤ እዚህ ደግሞ ሟቹን ከገዛ እኅቱ ደበቁ። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ ክልከላው ምትክ አልነበረውም። ዓርብ ካለፈ እትዬ ሙሉ ያሳደጉትን ወንድማቸውን ሳይቀብሩት፣ አጥሚት እያፈሉለት ይቀራሉ። በዚህ ዓለም ላይ ይህን ይቅር የምትል እኅት ትኖር ይሆን? እኔ ብሆን አልልም።

መልሼ ለክንፈ ደወልኩ። «ከቀብሩ በፊት ይነገራቸው» አልኩት።

«በምን? በስልክ? ወይስ አንዱ ብቻውን ይሂድ?» ተቆጣ። «መርዶ ብቻውን የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም። ሰው ከቧቸው፣ ግራ ቀኝ ደግፈናቸው ካልሆነ ሴትዮዋ ወድቀው ቢቀሩስ?»

ልክ ነበር። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ የሚያውቋቸው ሰዎች ተሰብስበው በር ላይ ሲቆሙ ነው። ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ያየ ሰው ነገሩ ሳይነገረው ይገባዋል። ያ ሕዝብ መኖሩ ነው መርዶውን የሚያስችለው።

ለሊንዳ ደወልኩና ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋት። አላቋረጠችኝም። «ከቤት ውጭ፣ ጥቂት ሰው፣ ማስክ፣ ርቀት» አለችኝ። «ይህን ከጠበቅህ ሌላ የምጠይቅህ የለም። ለእኅቱ ሐዘኔን ንገርልኝ።»

አመሻሹ ላይ ቦታውን ለማየት ብሌንደን ሄድኩ። የእትዬ ሙሉ ቤት በር ከሦስት ደረጃዎች በኋላ በቀጥታ ፓርኪንግ ሎቱን ያያል። የመኪና ማቆሚያዎቹ ነጭ መስመሮች ብዙም ሳይቆዩ የተቀቡ ናቸው። መካከል ላይ ቆምኩና ግራ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፤ መስመሮቹን አልነካሁም። አንድ ሰው በአንድ መኪና ቦታ ቢቆም ከጎኑ ካለው ጋር አይነካካም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀለም የለም።

ሣራ በመስኮት አይታኝ ማስኳን እያጠለቀች ወጣች። ዓይኗ አብጧል። «ጋሽ ታምራት፣ አይ ካንት ላይ ቱ ኸር ኤኒሞር፤ መዋሸት አቃተኝ» አለችኝ። «አጥሚቱን ስትሠራ ስሙን እየጠራች ትጸልያለች።»

«ነገ ጧት እንነግራቸዋለን» አልኳት። «እኛ እዚህ ነው የምንቆመው። የምትይዣቸው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አብረሻቸው ስለምትኖሪ።»

«እኔ እኮ እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም! አይቼም አላውቅም።»

«ደረታቸውን እንዳይመቱ እጃቸውን ያዢ። ሌላውን እኛ ከዚህ እንነግርሻለን።»

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ መኪኖቹ አንድ በአንድ ገቡ። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ሰው ሁሉ ብቻውን በየመኪናው መጥቷል፤ ካፖርት ላይ ነጠላ ለብሷል፤ ማስኩ በየቤቱ ከተገኘ ጨርቅ የተሰፋ ነው። መኪናቸውን ዳር አቁመው በየመስመሩ መካከል ቆሙ፤ እኔም ባዶ ከነበረው አንዱ ላይ ቆምኩ። ክንፈ ከፊት ነው።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ሙሉ ፔርሙዙን ይዘው ወጡ፤ የመጣው ክንፈ ብቻ መስሏቸዋል። ቀና አሉ። ዓይናቸው ከክንፈ ወደ ጎኑ ካለው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሄደ፤ ተራ በተራ ሁላችንንም አዩን። ፔርሙዙን ቀስ ብለው ደረጃው ላይ አስቀመጡት።

«ታደለ?» አሉ።

ክንፈ «አርፏል፣ እትዬ ሙሉ» አለ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ወንድሜን! ልጄን!» ብለው ጮኹና ደረጃዎቹን እየተንደረደሩ ወደ እኛ ወረዱ። እጃቸው ተዘርግቷል። ያኔ የቆመው ሰው ሁሉ፣ ክንፈም ሌላውም፣ እንደ አንድ ሰው ወደ እሳቸው ተንቀሳቀሰ። እኔም እግሬ መስመሩን አልፏል።

«ቁሙ!» ብዬ ጮህኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሁሉም ባለበት ደረቀ። እትዬ ሙሉም እጃቸው እንደተዘረጋ መሀል ላይ ቆሙ፤ ወደ እኔ አዩ። የዚያን ጊዜ አስተያየታቸው እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ግን ከቆሙት ብዙዎቹ አረጋውያን እንደሆኑ፣ በሽታውን ማን ይዞ እንደመጣም ማንም እንደማያውቅ አውቅ ነበርና ቃሌን አላነሣሁም።

ሣራ ከኋላቸው መጥታ በሁለት እጇ አቀፈቻቸው። «እጃቸውን፣ እጃቸውን ያዢ!» አለ አንዱ። «አስቀምጫቸው፣ ውኃ ስጫቸው» አለች ሌላዋ። ሣራ አስቀመጠቻቸውና ራሷም አስፋልቱ ላይ አብራ ተቀመጠች፤ «አጎቴ፣ አጎቴ» እያለች በአማርኛ አለቀሰች። እኛም በየመስመራችን ቆመን አብረን አለቀስን። ብዙ ቆይተው እትዬ ሙሉ ቀና ብለው ክንፈን «አጥሚቱንስ?» ብለው ጠየቁት። «እኔ ጠጣሁት» አላቸው ራሱን እንደደፋ። «እሰይ» አሉ። «እንኳን አልተደፋ።»

ዓርብ ዕለት ወንድማቸውን ቀበሩ። አፈሩንም መጀመሪያ የጣሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ በየዕድሩና በየማኅበሩ መርዶ በፓርኪንግ ሎት መንገር ተለመደ፤ «ጋሽ ታምራት ያለው ዓይነት» ይሉታል። እኔ አላልኩትም፤ የአቶ ገብረመስቀል ነው እላለሁ። ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ስለሌለ አይሰሙኝም።

ክትባቱ መጥቶ ሰው መጠያየቅ ሲጀምር አንድ ወሬ ሰማሁ። እትዬ ሙሉ በሣራ መኪና በየቤቱ እየዞሩ ነው አሉ። ያን ጧት ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ቆመው የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ እየሄዱ፣ በራቸውን አንኳኩተው፣ አቅፈው ያለቅሳሉ። ሐዘንተኛዋ ራሷ አጽናኞቿ ዘንድ ለቅሶ ትደርሳለች። ክንፈ ጋ ሄደው ሁለቱም ሳሎን ውስጥ ሲንሰቀሰቁ ጎረቤት ደንግጦ መጣ ተባለ። የእኔን ተራ ጠበቅሁ። ወራት ሄዱ፤ አልመጡም። «ቁሙ» ያልኩበትን ይቅር አላሉኝም ብዬ አሰብኩ፤ ለጸሐይም ነገርኳት። ሐዘኑ ያንገበግበኝ ነበር፤ ደግሞ ሄጄ ልጠይቃቸው ብል ድፍረት አጣሁ።

በ2022 የጸደይ ወራት ጡረታ ወጣሁ። ሊንዳ ኬክ ቆረሰች፤ ሰዉ ስለ ክትፎው እያነሣ ሳቀብኝ፤ መታወቂያዬን መለስኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በፊት በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሣራ ደረጃው ሥር ቆማለች፤ እትዬ ሙሉ ከፊት ናቸው፤ ጥቁራቸውን እንደለበሱ።

የሁለት ዓመት ልማድ ነውና ሳላስበው ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ። እሳቸውም አዩ።

«ያኔ ቁሙ ያልከው አንተ ነህ» አሉኝ። «ልክ ነበርክ። ሥራህ ነውና ሥራህን እስክትጨርስ ጠበቅሁህ። የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ።» እጃቸውን ዘረጉ። «በል አሁን ና።»

ሄድኩ። ለታደለ ለቅሶ የደረስኩት ያን ቀን ነው።